መቶ አለቃ ደርበውና የመርሳ አንበጣ ጣቢያ

ጡረታ በወጣሁ ጊዜ የመሥሪያ ቤቱ ልጆች ጋቢ አልብሰውኝ "እትዬ የሺ፣ ንግግር ያድርጉ" አሉኝ። ተነሥቼ "እግዚአብሔር ይስጥልኝ፤ ልጆቻችሁን ያሳድግላችሁ" አልኩና ተቀመጥኩ። ሁሉም ሳቁ። አንደኛው "አሁንም ራዲዮ ላይ ያሉ መሰላቸው" አለ። አልተሳሳተም። ዕድሜዬን ሙሉ የመገናኛ ራዲዮ ሠራተኛ ነበርኩ። ራዲዮ ላይ ቃል አይባክንም።

ቤት ስንገባ ትልቋ ልጄ "እማዬ፣ ሌላውን ተይው፤ መቶ አለቃን ግን ጻፊያቸው። ልጆቻችን እንኳ በወሬ ነው የሚያውቋቸው" አለችኝ። ይህን የምጽፈው እሷ ስላለችኝ ነው። እንጀራ ያበላኝን ሥራ ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸውና፣ ምስጋናዬም ለእሳቸው ይሁን።

ተወልጄ ያደግኩት ወልድያ ነው። እስከ ስድስተኛ ክፍል ተማርኩ፤ ከዚያ ዳሩኝ። ባለቤቴ ከደሴ ወልድያ የሚመላለስ የጭነት መኪና ረዳት ነበር። የወባ ትኩሳት በሦስተኛው ቀን ወሰደብኝ። ሁለት ሴቶች ልጆች ይዤ ቀረሁ። አማቴ እማማ ዘነቡ ውርጌሳ ላይ ጥማድ የማይሞላ የማሽላ እርሻ ነበረቻቸው፤ ታናሿን ልጄን እሳቸው ወሰዱልኝ። ትልቋን ይዤ ሥራ ፍለጋ መርሳ ገባሁ።

ያን ጊዜ መርሳ ላይ የአንበጣ መከላከያ ጣቢያ ተከፍቶ ነበር። ሁለት ክፍል የቆርቆሮ ቤት፣ አንድ ላንድሮቨር፣ በሁለት ባሕር ዛፍ መካከል የተወጠረ የራዲዮ ሽቦ። ከከተማው ወጣ ብሎ ደግሞ አውሮፕላን የሚያርፍበት በግሬደር የተጠረገ ሜዳ። የራዲዮ ሠራተኛ ይፈልጋሉ ሲባል ሰማሁና ሄድኩ። ከእኔ በፊት ሦስት ወንዶች ተፈትነዋል። ፈታኙ መቶ አለቃ ደርበው ቀና ብለው አዩኝና፣

"ወሬ ትወጃለሽ?" አሉኝ።

"አልወድም።"

"ለምን?"

ዝም አልኩ።

"በቃ፣ ይህችን ቅጠሯት" አሉ።

ሌሎቹ እንደተቆጡ ኋላ ሰማሁ። አንደኛውማ "ዝምታ ደመወዝ የሚከፈልበት አገር!" እያለ ነው የወጣው። ደመወዙም ቢሆን ከደሴ እየዘገየ የሚመጣ ነበር። ግን መጣ፤ ልጆቼም በሱ አደጉ።

በመጀመሪያው ቀን ጠዋት ገና ከበሩ ስገባ፣ እንደምን አደርሽ በማለት ፈንታ "ነፋሱ ከየት ነው?" አሉኝ።

"ከእግዜር ነው" አልኩ፤ ሌላ መልስ አልመጣልኝም።

እስኪበቃቸው ሳቁ። "እሱስ ከእግዜር ነው። ወዴት እንደላከው ነው የጠየቅኩሽ። ውጪና እይ።"

ወጣሁ። ቀና ብዬ ሰማዩን ሳይ በመስኮት ብቅ ብለው "ምድሩን እይ እንጂ! የማን ቤት ነው የሚጨሰው? ጭሱ ወዴት አጋደለ? የዛፉ ቅጠል ጀርባውን ነው ፊቱን የሚያሳይሽ?" አሉኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ፣ ጣቢያው እስኪዘጋ ድረስ፣ ነፋሱን ሳላይ ከበሩ ገብቼ አላውቅም። እስካሁንም ቤተ ክርስቲያን ስሳለም ጭስ አያለሁ፤ እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ።

መቶ አለቃ የውርጌሳ ገበሬ ልጅ ናቸው። ወልድያ ተምረው አየር ኃይል ገቡ፤ በቦምብ ጣይ አውሮፕላን ላይም ናቪጌተር ሆኑ። የመርሳ ሰው ይህ ሥራ ምን እንደሆነ አይገባውም ነበር። በማክሰኞ ገበያ አንዱ አዛውንት "አንተ የይመር ልጅ፣ አውሮፕላኑን የምትነዳው አንተ ነህ?" ይሏቸዋል።

"የለም አባባ፤ የሚነዳው ሌላ ነው። እኔ መንገዱን ነው የምነግረው።"

"እንዴ! መንገዱን ለማያውቅ ሰው ነው አውሮፕላን የሚሰጡት?"

ገበያው በሳቅ ይሞላል። እሳቸውም አብረው ይስቃሉ።

ለእኔ ግን በደንብ አስረዱኝ። "ወንዝ ሲሞላ አህያ አሻግረሽ ታውቂያለሽ?" አሉኝ።

"አውቃለሁ።"

"ማዶ ያለውን መንገድ ለማግኘት ፊቷን ወዴት ታዞሪያለሽ?"

"ወደ ላይ። ውኃው ወደ ታች ስለሚወስዳት።"

"ይኸው ነው ሥራዬ። ወንዙ ነፋስ ነው፤ አይታይም። አህያይቱ ደግሞ አውሮፕላን ናት፤ አትቆምም። ምን ያህል እንደሮጠች፣ ምን ያህል ጊዜ እንደሄደች፣ ነፋሱ ወዴት እንደገፋት ታሰቢያለሽ። ከዚያ በወረቀቱ ላይ ጣትሽን ታኖሪና 'አሁን እዚህ ነን' ትያለሽ። ፓይለቱ ያምንሻል። ማመን ግዱ ነው።"

በንጉሡ ዘመን በሶማሌ ጠረፍ በተደረገው ጦርነት ጊዜ በኦጋዴን ላይ በረዋል። ሰው ስለ ጦርነቱ ሲጠይቃቸው ስለ ነፋሱ ያወሩ ነበር። በረሃው ሁሉ አንድ መልክ መሆኑን፣ ወንዙ አሸዋ መሆኑን፣ የደመናን ጥላ መሬት ላይ ሲሄድ አይተው የነፋሱን ፍጥነት እንዴት እንደሚያወጡ። ጠያቂው "ቦምቡስ?" ሲል ሰዓታቸውን ያያሉ። ከአንድ ግዳጅ ሲመለሱ አውሮፕላኑ ሲያርፍ ጎማው ከድቶት ተጎተተ፤ ግራ ጆሯቸው ከዚያ ወዲህ አይሰማም። መብረር ተከለከሉና ተሰናበቱ። የአንበጣ መከላከያው ደግሞ እንደሳቸው ያለ ሰው ይፈልግ ነበር፤ ከመድኃኒት ረጪው ፓይለት ጎን ተቀምጠው መንጋውን የሚያሳዩ። ስለዚህ በአንድ ጆሮ ወደ ሰማይ ተመለሱ።

ሁለት ልማድ ነበራቸው። አንደኛው እርሳሳቸው ነው። በሁለቱም ጫፍ የተቀረጸ ነው፤ በክርም ከሸሚዛቸው ቁልፍ ጋር ይታሰራል። አውሮፕላን ሲገለበጥ እርሳስ ከወደቀ የት እንዳለህ ጠፋብህ ማለት ነው ይሉ ነበር። ቢሮ ውስጥ ምን ይገለበጣል ብለን አንጠይቅም። ሁለተኛው ደግሞ "ይመስለኛል" የሚለውን ቃል አለመውደዳቸው ነው። አሳሽ ሠራተኛ ከቆላ መጥቶ "መንጋው ወንዙ ዳር ያደረ ይመስለኛል" ካለ፣ ውኃ ሳይጠጣ ይመልሱታል። "አየሁ በል፤ ወይ አላየሁም በል። ሁለቱም ነውር የለበትም" ይሉታል። እኔንም ራዲዮ ላይ እንዲሁ አሠለጠኑኝ። ያየሁትን ብቻ፣ አጭር አድርጌ።

ሥራው እንዲህ ነበር። አንበጣ ፀሐይ ስትጠልቅ ያርፋል። ሌሊቱን በብርድ ደንዝዞ በማሽላው አገዳ ላይ ተጣብቆ ያድራል። ጠዋት ፀሐይ ክንፉን እስክታሞቀው ድረስ አይነሣም። በዚያች አጭር ጊዜ ነው አውሮፕላኑ መድረስ ያለበት። እኛ ቀድመን እንሄዳለን፤ መንጋው ባረፈበት እርሻ ወዲህና ወዲያ ነጭ አቡጀዲ በሸንበቆ ላይ ወጥረን እንቆማለን። አውሮፕላኑ ከአንዱ አቡጀዲ ወደ ሌላው ቀጥ ብሎ ሄዶ መድኃኒቱን ይጥላል። መጀመሪያ ግን እኛ ዘወር እንላለን። ያ መድኃኒት ቀላል አልነበረም፤ ንብ ይፈጃል፤ ከብት ልሶት ሲሞት አይተናል።

ጠዋት ጠዋት በዚያ እርሻ ጫፍ መቆም የማይረሳ ነው። ማሽላው አረንጓዴነቱ ጠፍቶ ቀይ ጨርቅ የለበሰ ይመስላል። ጠጋ ብላችሁ ብታዳምጡ ይንሿሿል፤ ሌላ ድምፅ የለም። እኔ ራዲዮዬን በላንድሮቨሩ ሞተር ክዳን ላይ አስቀምጬ፣ አንዴ አማትቤ፣ የመቶ አለቃን ድምፅ እጠብቃለሁ። የአውሮፕላኑ ሞተር ከሩቅ ሲሰማ ደስታዬ ልክ አልነበረውም። ስንቱን እርሻ እንዲህ አተረፍን። ገበሬው ከኋላችን እየሮጠ "እሰይ! እሰይ የኔ ልጆች!" ይለናል፤ እሸት ያሸክመናል። መኪናችን ከእርሻ ባዶዋን ተመልሳ አታውቅም። የዚያ ዘመን መርሳ ትዝ ሲለኝ አስቀድሞ የሚመጣብኝ የእሸቱ ሽታ ነው።

አሁን ያቺን አንዲት ቀን ልጻፋት።

ወሩ ኅዳር ነው። መንጋው ከመርሳ በታች ባለው ቆላ፣ በማርያም ቤተ ክርስቲያን ሥር በተንጣለለ የማሽላ እርሻ ላይ አደረ። ማሽላው ሊታጨድ ደርሷል። ከጣቢያው ስንነሣ መቶ አለቃ እንደ ልማዳቸው ጠየቁኝ።

"ነፋሱ ከየት ነው?"

"ከሰሜን ነው።"

እርሳሳቸውን ያዙና ካርታው ላይ አንድ መሥመር አሰመሩ። መሥመሩ ውርጌሳ ላይ አረፈ። "ከተነሡ ወደኛ አገር ነው የሚሄዱት" አሉ። ወንድማቸው እዚያ ነው፤ አማቴም እዚያ ናቸው። ሌላ ሳይናገሩ ወደ ሜዳው ሄዱ።

እኔና ሠራተኞቹ እርሻው ዘንድ ስንደርስ ግን ከእኛ የቀደመ ነበር። የኅዳር ማርያም ዕለት ነበረች፤ ለክብረ በዓል የወጣው ሕዝብ መንጋውን ሲያይ ምህላ ይዟል። ካህናቱ መስቀልና ጽና ይዘው፣ ወንድ ሴቱ ነጭ ለብሶ፣ "እግዚኦ መሐረነ ክርስቶስ" እያለ እርሻውን ይዞራል። በታችኛው በኩል ደግሞ ሸህ ሙሄ ሰዎቻቸውን ይዘው ለዱዓ ተቀምጠዋል፤ እነሱም ጋቢያቸው ነጭ ነው። አንበጣው የሁሉም ጠላት ነውና ሁሉም ወደ ፈጣሪው እየጮኸ ነው። እርሻው ዙሪያውን ነጭ ሆኗል። የእኛ አቡጀዲ በዚያ መካከል እንደ አንድ ሰው ነጠላ ነበር።

ካህናቱን ወደሚመሩት ወደ መምሬ ታደሰ ሮጥኩ። የነፍስ አባቴም ናቸው።

"መምሬ፣ አውሮፕላኑ ሊመጣ ነው፤ ሰዉን ያስነሡልኝ!"

"ልጄ፣ ምህላ ተጀምሮ አይቋረጥም። ሦስት ጊዜ እንዞራለን፤ ገና አንደኛው ላይ ነን።"

"መድኃኒቱ ሰው ይጎዳል።"

"አንቺስ ከእኛ ጋር መዞር ሲገባሽ ሽቦ ይዘሽ ትሮጫለሽ? አውሮፕላኑ ይጠብቅ። እግዜርን ጠብቅ ልበለው?"

ሸህ ሙሄ ዘንድ ሄድኩ። ተነሥተው ተቀበሉኝ። "አብሽሪ ልጄ፣ እነሱ ከተነሡ እንነሣለን። መምሬ እየለመኑ እኛ ጥለን ብንሄድ ምን ይባላል? ወላሂ ነውር ነው።"

አንዱ ሌላውን ያከበረ መስሎት ሁለቱም ቆሙ። በዚህ መካከል የሞተሩ ድምፅ ተሰማ። ፓይለቱ ካፒቴን ኤልያስ የሚባል የአዲስ አበባ ልጅ ነበር፤ ቀልደኛና ፈጣን። ራዲዮው ጮኸ።

"የሺ፣ ነጭ በነጭ ሆነብኝ። ሠርግ ነው እንዴ? ከየትኛው ልጀምር? ኦቨር።"

የመቶ አለቃ ድምፅ ተተካ። "የሺ፣ የምናየው አቡጀዲ ነው ሰው?"

"ሰው ነው" አልኩ። "ዙሪያውን ሰው ነው። ምህላ ነው።"

"ይነሣሉ?"

"አልተነሡም።"

አውሮፕላኑ ዞረ። ካፒቴን ኤልያስ "መሐል መሐሉን ልርጨው፣ ጫፉን ልተወው" ሲል ሰማሁት።

"ነፋሱ ከሰሜን ነው" አሉት መቶ አለቃ። "መሐሉ ላይ የጣልከው በታች ያሉት ላይ ያርፋል። አይጣልም።"

"ፀሐይዋ እየወጣች ነው እኮ! ከተነሡ የት እንደሚሄዱ ያውቃሉ!"

"አውቃለሁ። አይጣልም።"

ሦስት ጊዜ ዞሩ። ምህላውም ሦስት ጊዜ ዞረ። ሕዝቡ የመጨረሻውን "እግዚኦ" ሲል፣ ፀሐይ ማሽላው ራስ ላይ ደረሰች። መጀመሪያ ጥቂቱ ተነሣ። ከዚያ እርሻው በሞላ ከሥሩ የተነቀለ እስኪመስል ድረስ ቀይ ደመና ሆኖ ብድግ አለ፤ ጥላው በላያችን አለፈ። ሰዉ በእልልታ ቀለጠ። "ተሰማልን! ማርያም ሰማችን!" እየተባለ ተሳሳመ። መምሬ እንባቸው ይወርዳል። እኔም እንባዬ መጣ፤ የእኔ ግን ሌላ ነው። ነፋሱን አይቼዋለሁ። መንጋው ወደ ደቡብ፣ ወደ ውርጌሳ እየሄደ ነበር።

ስለዚያ ጠዋት ስጠየቅ የምመልሰው አንድ ነው። ጸሎታቸው ከንቱ ነበር አልልም፤ አፌን ቁርጥ ያድርገው። የዚያ እርሻ ሰዎች ማሽላቸውን አጭደዋል። የውርጌሳ ሰዎች ግን አገዳውን ብቻ አጨዱ። የአማቴም እርሻ ከነዚያ ውስጥ ነበር። አውሮፕላኑ መድኃኒቱን እንደጫነ ተከትሏቸው ነበር፤ አንበጣው ነቅቶ ከበረረ በኋላ ግን ምን ይደረጋል።

ሳምንት ሳይሞላ የውርጌሳ ሰው ለአውራጃው አቤት አለ። ከደሴ ኃላፊ መጡ። ሕዝቡ ከውርጌሳ ገበያ ዳር ተሰበሰበ፤ መምሬ ታደሰና ሸህ ሙሄም ተጠርተው መጡ። ነገሩ ግልጽ ነበር፤ መቶ አለቃ ከሥራ እንዲነሡ ነው የተጠየቀው። ከዚያ ሥራ ከተነሡ ሌላ አውሮፕላን የሚያሳፍራቸው የለም። ጆሮ የሌለው ናቪጌተር ማን ይፈልጋል? እኔ ከሠራተኞቹ ጋር ከኋላ ቆሜያለሁ።

የመጀመሪያው ተናጋሪ የገዛ ወንድማቸው ነበር።

"የሰማይ ሰው ነኝ ትላለህ! በጦርነቱ ስንቱን የደበደብክ፣ አንበጣ መግደል አቃተህ? የወንድምህን ማሽላ ለአንበጣ ሸለምከው! ለልጆቼ ምን ላብላ? ካርታህን?"

ሳቅና ቁጣ ተደባለቀ። ኃላፊው "መቶ አለቃ፣ አይጣልም ያለው ማነው?" አሉ።

"እኔ ነኝ።"

"መንጋው ወደዚህ እንደሚመጣ ታውቅ ነበር?"

"አውቅ ነበር።"

"ሰዎቹ እንዲነሡ ለምን አልተደረገም? የማን ጥፋት ነው?"

መቶ አለቃ መምሬን አላዩም፤ እኔንም አላዩም። "አልተነሡም። እኔም አልጣልኩም። ከዚህ ሌላ የምለው የለኝም" አሉ። ሕዝቡ ጮኸ። "ይነሣልን! ይነሣልን!"

በዚህ መካከል ከሴቶቹ ወገን አንዲት አሮጊት ምርኩዛቸውን ይዘው ተነሡ። አማቴ ናቸው። እማማ ዘነቡ በሰው ፊት ሲናገሩ ሰምቼ አላውቅም። ሕዝቡ ለሽበታቸው ሲል ዝም አለ።

"ጌታው፣ የእኔም እርሻ ተበልቷል" አሉ ለኃላፊው። "የሙት ልጅ የማሳድግበት ነው። አንድ ራስ ማሽላ አልቀረልኝም። ያላመነ ይሂድና ይየው።"

"እሺ እናቴ፣ እንግዲያው እርስዎም ይነሣ ነው የሚሉት?"

"ቆይ አስጨርሰኝ። የዚያን ዕለት ለማርያም ቆላ ወርጄ ነበር። ምህላው ላይ ነበርኩ። በታችኛው በኩል፣ ከእነ ሸህ ሙሄ አጠገብ። አውሮፕላኑ በላዬ ሲዞር አይቼዋለሁ።" ምርኩዛቸውን መሬቱ ላይ መታ አደረጉ። "ማሽላዬ ተበላ፤ እኔ ግን ይኸው ቆሜ እናገራለሁ። ማሽላ ለከርሞ ይዘራል። ዘነቡን ማን ይዘራታል?"

እኔ አማቴ እዚያ እንደነበሩ ያን ጊዜ ነው የሰማሁት።

መምሬ ታደሰ ተነሥተው ቆባቸውን አወለቁ። "ተነሡ ተብለን ያልተነሣነው እኛ ነን። ልጅቱ ለምናኝ ነበር፤ አልሰማኋትም" አሉ። ሸህ ሙሄም "እኔም ነኝ፤ ሁለታችንም ነን" አሉ። የመቶ አለቃ ወንድም መሬት መሬት እያየ ተቀመጠ። ኃላፊው ሲጽፉ የነበሩትን ወረቀት አጥፈው ኪሳቸው ከተቱ፤ ነገሩም በዚያው ቀረ።

ሰው ሲበተን መቶ አለቃ ወደ አማቴ ሄዱ። አመሰግናለሁ የሚሉ መስሎኝ ነበር። ባርኔጣቸውን አውልቀው ፊታቸውን አተኩረው አዩ።

"ስምዎን ማን ልበል?" አሉ።

"ዘነቡ ነኝ። ያባትህ ጎረቤት ነበርኩ እኮ፤ ረሳኸኝ?"

"ሙሉ ስምዎን።"

"ዘነቡ አሊ። ክርስትናዬ ወለተ ማርያም ነው። ምነው ልጄ?"

"ምንም። ልወቀው ብዬ ነው።" እጃቸውን ስመው ሄዱ። አማቴ "ይህ ሰው ምን ሆነ?" አሉኝ። አላወቅኩም።

ከዚያ በኋላ መምሬና ሸህ ሙሄ ተነጋገሩ። መንጋ ሲያርፍ ምህላውም ዱዓውም በዚያው ምሽት በየደጁ እንዲሆን፣ ለጠዋቱ እርሻው ባዶ እንዲተው ተስማሙ። መምሬ ይህን በዐውደ ምሕረት ሲናገሩ "ጠዋት ሥራው የመቶ አለቃ ነው፤ እኛ ማታውን እንትጋ" አሉ። በዚህ መንገድ ብዙ ዓመት ሠራን። መልካም ዓመታት ነበሩ። ካፒቴን ኤልያስ በመጣ ቁጥር "የሺ፣ ዛሬ ሠርግ የለም?" ይለኝ ነበር።

ኋላ ድርቁ መጣ። እሱን ዘርዝሬ አልጽፈውም፤ ያየ ያውቀዋል። ለሰው ያልበቃ ቡቃያ ለአንበጣም አልተረፈም። መንገዱ ዳር የተቀመጠውን ሰው እያየን ወደ ሥራ እንሄድ ነበር፤ ሥራው ግን አልነበረም። ላንድሮቨሯ እህል ትጭን ጀመር። ንጉሡ በወረዱበት ዓመት ጣቢያው ተዘጋ። እኔ ወልድያ በሌላ ራዲዮ ላይ ተመደብኩ፤ እስከ ጡረታዬም በዚያው ሥራ ኖርኩ። መቶ አለቃ ውርጌሳ ገብተው ከወንድማቸው ጋር አረሱ። ታረቁ። በኋለኛው ዘመናቸው ጸጥ ያሉ ገበሬ ነበሩ፤ በአልጋቸው ላይ ዐረፉ። አማቴን እስከ ዕለተ ሞታቸው "እማዬ" ይሏቸው ነበር፤ በኅዳር ማርያም ሳይጠይቋቸው ቀርተው አያውቁም።

ጣቢያው በተዘጋ ሰሞን ዕቃ ስንቆጥር መቶ አለቃ "የሺ፣ ሸህ ሙሄ ዘንድ አብረሽኝ ትሄጃለሽ? ብቻዬን መሄድ አፍሬ ነው" አሉኝ። በእግር ወጣን። መንገድ ላይ በደህናው ጆሯቸው በኩል ሄድኩ።

"ኦጋዴን ላይ ነው" አሉ። ስለ ቦምቡ ሲናገሩ የሰማሁት ያን ቀን ብቻ ነው። "የጠላት ጦር ውኃ ዳር ሰፍሯል፤ ጭስ ታያላችሁ ተባልን። ነፋሱን አሰብኩ፤ ጊዜውን አሰብኩ፤ ደረስኩ። ጭስ ነበር። 'ጣል' አልኩ። አልሳትኩም የሺ፤ ሒሳቤ ልክ ነበር። ስንዞር ግን ወደ ታች አየሁ። ግመል አየሁ። ሌላም የሚሮጥ ነገር አየሁ፤ ትንሽ ነው። ከዚያ አቧራው ሸፈነው። ጦር ይሁን ዘላን፣ ዛሬም አላውቅም።"

አማተብኩ።

"ለመምሬ ነግሬያቸዋለሁ። ንስሐ ሰጡኝ፤ ጾምኩ፤ ሰገድኩ። 'ለነዚያስ ሰዎች ይጸለይላቸው' ስላቸው 'የክርስትና ስማቸው ማን ነው?' አሉኝ። 'የሶማሌ ሰዎች ናቸው፤ ስማቸውን አላውቅም' አልኩ። ብዙ አሰቡና 'እንግዲያው በእነሱው ሃይማኖት ይሁንላቸው፤ ሸህ ሙሄ ዘንድ ሂድ' አሉኝ።"

ሸህ ሙሄ ከደጃቸው ተቀብለው አስገቧቸው። መቶ አለቃ ጫማቸውን አወለቁ። ከእጃቸው ጥቂት ስኳር ነበረች፤ በዚያ ዓመት የተገኘው እሱ ብቻ ነው። ሸሁ "ባዶ እጅህን ብትመጣስ! ቤትህ ነው" አሏቸው። ሦስት አራት ሽማግሌዎች ተቀምጠዋል። እኔ በሩ አጠገብ ውጭ ቆምኩ፤ ድምፃቸው ይሰማኛል።

"ዱዓው ለማን ነው ልጄ?"

"አላውቃቸውም ሸኾች።"

"ስንት ናቸው?"

"አላየሁም።"

"ሞተዋል?"

"እሱንም አላየሁም። በጦርነቱ ጊዜ ነው። ጣል ያልኩት እኔ ነኝ።"

አንዱ ሽማግሌ ሳለ። ከዚያ የሸህ ሙሄ ድምፅ ቀስ ብሎ መጣ።

"እኛ ያን ዕለት በታችኛው በኩል የተቀመጥነው ስንት እንደነበርን አንተ ቆጥረኸናል?"

"አልቆጠርኩም።"

"ስማችንንስ ታውቅ ነበር?"

"አላውቅም ነበር።"

"አላህ ግን ያውቀን ነበር። እነዚያንም ያውቃቸዋል። በሕይወት ካሉ ለሕያው ይደርሳል፤ ከሞቱም ለሙት። እጅህን ዘርጋ።"

በበሩ ስንጥቅ አየኋቸው። መቶ አለቃ መዳፋቸውን ከሽማግሌዎቹ ጋር ዘርግተዋል። ሸህ ሙሄ ዱዓውን ጀመሩ፤ ዐረብኛውን አላወቅኩትም። እኔም ነጠላዬን አጣፍቼ የማውቀውን አባታችን ሆይ ደገምኩ። ውስጥ ያሉት አሚን ሲሉ፣ ከደጅ ሆኜ አሜን አልኩ።